አራቱን ቆጥሮ አምስተኛዋን የዘለለ መጽሐፍ

የመጽሐፈ ሄኖክ የብርሃናት ክፍል፣ ከፎገራ ሜዳ ሲነበብ፦ ሂሳዊ ዳሰሳ

መጽሐፈ ሄኖክ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ወደ ወደቁት መላእክትና ወደ ግዙፋን ልጆቻቸው ይሄዳል። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 የተዘረጋውን የብርሃናት ክፍል ግን አብዛኛው አንባቢ ገልጦ ያልፈዋል፤ ቁጥር ይበዛበታል። ፀሐይ በስንተኛው በር ወጣች፣ በስንተኛው ገባች፣ ቀኑ ስንት እጅ ረዘመ፣ ጨረቃ ስንት እጅ ጎደለች። የሚገርመው፣ አንባቢ የሚዘልለው ይህ ክፍል ራሱ ዋና ክሱ መዝለል ነው። ሰዎች ከዓመቱ አራት ቀን እየዘለሉ ስለሚቆጥሩ ዘመን ተፋለሰባቸው ይላል። ክሱ ትክክል ነው። ከሳሹ ግን እሱም በተራው አንድ ቀን ከሩብ ዘልሏል። ይህ ዳሰሳ መጽሐፉን በራሱ ሚዛን ለመመዘን ይሞክራል፤ የሚመዝነውም ከጣና በስተምሥራቅ ባለው በፎገራ ሜዳና በከተማው በወረታ ሰማይ ሥር ነው።

ፎገራ የተመረጠው በቀጠሮ የሚኖር አገር ስለሆነ ነው። ርብና ጉማራ ከምሥራቁ ደጋ ወርደው ወደ ጣና ሲገቡ ክረምት በመጣ ቁጥር በሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነውም ቤት ንብረት ጠራርገው የሚሄዱበት ጊዜ አለ። በ1970ዎቹ አገሩን የለመደው ሩዝ በሰኔ ይዘራል፤ ውኃው ሲሸሽ ጓያው በቀረው እርጥበት ላይ ይከተላል። እዚህ ቀን መሳሳት ማለት ዘርን ያለጊዜው መሬት ላይ ማፍሰስ ማለት ነው። ስለ ዘመን የሚናገር መጽሐፍ የሚፈተነው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው።

ድርሰቱ መጀመሪያ የተጻፈው በአራማይክ ነው። በሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን አራተኛ ዋሻ የአራት ቅጂዎቹ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ ከሁሉ የሚያረጀው ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ዓመት ግድም የተጻፈ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ግን ተርፎ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በጣና ሐይቅ በክብራን ገብርኤል ገዳም የተጠበቀው የ15ኛው ምእት ዓመት ብራና ከዕድሜ ጠገቦቹ ቅጂዎች አንዱ ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊው ምሁር ኤፍሬም ይስሐቅ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉሙን የመሠረተው በዚሁ ብራና ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ተነሥቶ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ ይህንኑ የፎገራን አገር አቋርጧል፤ በ1773 አውሮፓ ሲገባ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ነበር። ሪቻርድ ሎረንስ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1821 አወጣ። የአውሮፓ ሊቃውንት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ጠፍቷል ሲሉት የነበረው መጽሐፍ በጣና ዙሪያ ሲገለበጥና ሲነበብ ኖሯል።

በክፍሉ ውስጥ ተራኪው ሄኖክ ነው፤ እየመራ የሚያሳየው መልአኩ ዑራኤል። በሰማይ ዳር በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብም ስድስት በሮች አሉ። ፀሐይ ዓመቷን ከአራተኛው በር ትጀምራለች፤ በየወሩ አንድ አንድ በር ወደ ሰሜን እያለፈች ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ሁለት ወር ትቆያለች፤ ከዚያ ተመልሳ እስከ አንደኛው ትወርድና እዚያም ሁለት ወር ቆይታ እንደገና ትዞራለች። ቀንና ሌሊት ተደምረው 18 እጅ ናቸው። በስድስተኛው በር ጫፍ ላይ ቀኑ 12 እጅ፣ ሌሊቱ 6 እጅ ይሆናል፤ በአንደኛው በር ጫፍ ላይ ደግሞ ግልባጩ። ከ12ቱ ወሮች ስምንቱ ባለ30፣ አራቱ ባለ31 ቀን ናቸው፤ ድምሩ 364። ይህ ቁጥር ለሰባት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዓመቱ 52 ሙሉ ሳምንት ይሆናል፤ በዓል ሁሉ በየዓመቱ በዚያው የሳምንቱ ቀን ይውላል። መጽሐፈ ኩፋሌም በዚሁ ቁጥር አጥብቆ ይሟገታል።

የክፍሉ እምብርት አራቱን ወሮች ባለ31 ያደረጓቸው አራት ትርፍ ቀኖች ናቸው። በምዕራፍ 75 ዓመቱን ለአራት የሚከፍሉ አለቆች ተሾመውባቸዋል። ዓመትን 360 ብቻ ብሎ የሚቆጥር ሰው እነዚህን አለቆች ከሹመታቸው ሽሯል ማለት ነው። ደራሲው እዚህ ላይ ያነሣው ነገር ትልቅ ነው፦ ለሒሳብ እንዲመች ብሎ የተረፈውን መጣል እውነትን መጣል ነው። ክሱ ዛሬም አላረጀም። ብዙ የወር ደመወዝተኛ ጳጉሜን ሙሉ ሥራ ገብቶ ለእነዚያ ቀኖች ብሎ የሚቀበለው ነገር የለም፤ ሒሳቡ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው።

ተመራማሪዎች ስለነዚህ አራት ቀኖች ሲጽፉ ኤፓጎሜናል የሚል የእንግሊዝኛ ቅጽል ይጠቀማሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው መዝገበ ቃላት የሚገልጥለት ቃል ነው፤ ኢትዮጵያዊው አንባቢ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የጥንት ግብጾች 12 ባለ30 ወር ቆጥረው በመጨረሻ አምስት ቀን ያክሉ ነበር፤ ግሪክ ተናጋሪዎች እነዚህን ኤፓጎሜናይ፣ ማለትም የተጨመሩ ቀኖች አሏቸው። ቃሉ በእስክንድርያ በኩል ግእዝ ሲደርስ ጳጉሜን ሆነ። ጭማሪን ከሚያመለክተው ከዚያው የግሪክ ግሥ ኤፓክታይ የሚል ሌላ ስም ወጥቷል፤ እሱም በባሕረ ሐሳባችን አበቅቴ ነው፣ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ማነሱን ይዞ የሚሄደው ቁጥር። ጳጉሜንና አበቅቴ እንግዲህ የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው፤ ሥራቸውም አንድ ነው፣ የተረፈውን መያዝ።

ይሁንና አንድ ቅጽል ለሁለቱም ስለተሰጠ የሄኖክ አራት ቀኖችና የኛ ጳጉሜን አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ጳጉሜን ከወሮቹ ውጭ፣ በዓመቱ ጅራት ላይ ብቻዋን ትቆማለች። የሄኖክ አራቱ ቀኖች ግን በአራቱ ወቅቶች መገጣጠሚያ ላይ ተሰክተዋል። መጽሐፉ ራሱ እንኳ ስለነሱ አንድ አቋም የለውም። ምዕራፍ 72 ከወሩ ጋር ቆጥሮ 31ኛ ቀን ያደርጋቸዋል፤ ምዕራፍ 75 ደግሞ ከሒሳቡ ውጭ እንደሆኑ አድርጎ ይናገራል። ሁለት የተለያዩ አቆጣጠሮች አንድ ድርሰት ውስጥ እንደተጣፉ ያሳብቃል። አራማይኩ ቁርጥራጭ ከግእዙ የሰፋ የጨረቃ ሒሳብ መያዙም በእጃችን ያለው በጊዜ ብዛት የታጠረ ቅጂ መሆኑን ይመሰክራል።

አሁን መጽሐፉን ወረታ ላይ እናቁመው። የበሮቹ ሐሳብ እዚህ ሜዳ ላይ ያምራል። በምሥራቅ የደብረ ታቦር ደጋ፣ በምዕራብ ጣና አለ፤ ለወጪም ለገቢም ግልጽ ዳርቻ ነው። በጥምቀት ሰሞን ፀሐይ ከወረታ ሲያዩዋት በጉና ተራራ በኩል ትወጣለች፤ በመጽሐፉ ሒሳብም ይህ ከአንደኛው በር ወደ ሁለተኛው የምትሻገርበት ሰሞን ነው። በሰኔ አጋማሽ መውጫዋ ወደ ሰሜን ጫፍ ይደርሳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ስፋት 48 ዲግሪ ያህል ነው፤ ክንድን ዘርግቶ በጭብጥ ለሚለካ ሰው አምስት ጭብጥ ገደማ። ስድስቱ በሮች እዚህ ውስጥ ናቸው፤ መሣሪያ የሌለው ሰው በዓይኑ ብቻ ወሩን የሚያነብበት ሰሌዳ ይሆኑለታል። የድርሰቱ ብርታት እዚህ ላይ ነው።

ጉድለቱም ከዚያው ይጀምራል። መጽሐፉ የበሮቹን ስፋት አይነግረንም። ፀሐይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ መውጫዋን በፍጥነት ትቀይራለች፤ በሰኔና በታኅሣሥ ግን የቆመች እስክትመስል ትዘገያለች። ስለዚህ በየበሩ እኩል ወር ከተቆጠረ የመካከለኞቹ በሮች ሰፊ፣ የዳሮቹ በጣም ጠባብ መሆን አለባቸው። ደራሲው በጫፎቹ ላይ ሁለት ሁለት ወር መስጠቱ መዘግየቱን እንዳየ ያሳያል፤ ያየውን ግን አልለካም።

የቀኑ ርዝመት ሲመጣ ልዩነቱ ይሰፋል። በመጽሐፉ ረጅሙ ቀን የአጭሩን ሌሊት እጥፍ ነው፤ በሰዓት 16 ለ8። በወረታ ረጅሙ ቀን፣ ሰኔ 14 አካባቢ፣ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አጭሩ፣ ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ 11 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ። በሄኖክ 18 እጅ ሲመነዘር የፎገራ ቀን ከ9 እጅ ከግማሽ እምብዛም አያልፍም፤ ከ8 እጅ ከግማሽም አይወርድም። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ወር ላይ ቀኑ 10 እጅ ሲሞላ ፎገራ ገና ከኋላ ናት፤ በዓመቱ ውስጥም እዚያ ደርሳ አታውቅም። 16 ለ8 በእውነት የሚገኘው ፓሪስ አካባቢ ባለ ኬክሮስ ነው። ሎረንስም በዚህ ተነሥቶ ደራሲው በ45ና በ49 ዲግሪ ሰሜን መካከል የኖረ ሰው መሆን አለበት ብሎ ነበር። ዛሬ የተሻለ መልስ አለ፦ ሁለት ለአንዱ ቁጥር በጥንቱ የባቢሎን የከዋክብት ጽሑፍ በሙል አፒን ውስጥ ይገኛል። ለባቢሎን ሰማይ እንኳ የተጋነነ ቁጥር ነው። ደራሲው ቁጥሩን የወረሰው እንጂ ደጁ ላይ ቆሞ የቆጠረው አይደለም።

ደራሲው ቁጥር ሲያምር ይወዳል። የፀሐይ ብርሃን ከጨረቃ ብርሃን ሰባት እጅ ነው ይላል፤ ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ የምታንሰው ግን 400 ሺህ እጅ ያህል ነው። ተራሮቹ ሰባት፣ ወንዞቹ ሰባት ናቸው። ሁለቱ ብርሃናት በመጠን እኩል ናቸው የሚለው ግን ለዓይን ልክ ነው፤ የፀሐይ ግርዶሽ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ወቅቶቹ ላይ ስንደርስ ፎገራና መጽሐፉ ፊትና ጀርባ ይሆናሉ። ምዕራፍ 82 ፀሐይ ከሰሜን ጫፍ ስትመለስ ያሉትን ሦስት ወሮች የሐሩርና የድርቀት፣ የፍሬ መልቀሚያና የወይን መጭመቂያ ያደርጋቸዋል። በሶርያና በፍልስጥኤም ምድር ይህ እውነት ነው። በፎገራ ግን እነዚያ ወሮች ክረምት ናቸው፤ ርብ ከአፍ እስከ ገደፉ የሚሞላበት፣ ሩዙ በውኃ ውስጥ የሚቆምበት ጊዜ። ደራሲው ስለ ቀትር ጥላም አንዳች አይልም። ወረታ ላይ ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አናት ላይ ትውላለች፤ በመካከሉ ባሉት ወሮች ቀትር ላይ በስተሰሜን ስለምትሆን የሰው ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ደመና በተገለጠ ጊዜ ሰኔ ላይ ውጭ የቆመ ሰው ሁሉ የሚያየው ነው። መጽሐፉን የጻፈው ሰው አገር ይህ አይታይም፤ እዚያ ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው። ግእዙ የገለጸው የሁለት ወቅት ጠባይ ብቻ ሆኖ ሳለ መቋረጡም ልብ ይባል፤ የብርዱ ወቅት ገለጻ ቅሪት የተገኘው ከአራማይኩ ቁርጥራጭ ነው።

እስካሁን ያነሣሁት በደራሲው አገርና ዘመን ሊሰበብ የሚችል ነው። የ364ቱ ቀን ጉዳይ ግን አይሰበብም። የፀሐይ ዓመት ከ365 ቀን ከሩብ እምብዛም አይርቅም። በየዓመቱ አንድ ቀን ከሩብ እየቀረ በ24 ዓመት 30 ቀን ይሞላል። አንድ የፎገራ ገበሬ በሄኖክ አቆጣጠር ሰኔ 10ን የዘር ቀን ብሎ ቢይዝ፣ ልጁ ጎልማሳ ሲሆን ያ ቀን በእውነተኛው ግንቦት 10 ላይ ይውላል፤ መሬቱ ደርቆ፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ። መጽሐፉ ይህን ክፍተት የሚሞላበትን መላ የትም ላይ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ምዕራፍ 80 አዲስ ትርጉም ያገኛል። በኃጥአን ዘመን ዓመታት እንደሚያጥሩ፣ ዘር እንደሚዘገይ፣ ዝናብ እንደሚከለከል፣ ሁሉም ከጊዜው እንደሚወጣ ይናገራል። በሥነ ጽሑፍ ዓይን ከክፍሉ ሁሉ ኃይለኛው ገጽ ነው፤ ከቁጥሩ ደረቅነት በኋላ ድንገት ቁጣ ይመጣል። ነገር ግን በ364 ቀን የሚቆጥር ሰው የሚያየው ልክ ይህንኑ ነው፦ ቀን መቁጠሪያው ይቀድማል፣ ዝናቡ የዘገየ ይመስላል። ተመራማሪዎችም ይህን አስተውለዋል። ሰማይ አልተዛባም፤ የቸኮለው ቁጥሩ ነው። መጽሐፉ የራሱን ቀሪ በኃጥአን ላይ ጥሏል።

ዘመኑ አያውቅም ነበር እንዳይባል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ዓመት በግብጽ በካኖፐስ የተሰበሰቡ ካህናት በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ትርፍ ቀን እንዲጨመር ደንግገው ነበር። ድንጋጌው ያኔ አልተያዘም፤ በእስክንድርያ የጸናው በአውግስጦስ ዘመን ነው። የኛ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት የምትሆነው ከዚያ በመጣው ሥርዓት ነው።

ይህ ወደ ኢትዮጵያ ሊቃውንት ያመጣናል። ሄኖክንና ኩፋሌን፣ ሁለቱንም ባለ364 መጻሕፍት፣ በቀኖና ይዛ የቆየች ቤተ ክርስቲያን አዝመራዋንና በዓሏን በ364 ቀን አልቆጠረችም። ጾምና በዓል የወጣው በባሕረ ሐሳብ ነው፤ በድሜጥሮስ ስም በሚጠራው፣ በወንበር፣ በአበቅቴና በመጥቅዕ በሚሠራው በእስክንድርያው ሒሳብ። ሊቃውንቱ ሄኖክን ሳይጥሉ በሌላ ቀመር ቆጠሩ። ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ባሳተመው የኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ቀመር ጥናቱ የሄኖክ በሮች በኋለኞቹ የግእዝ ጽሑፎች ውስጥ መቀጠላቸውን አሳይቷል። በሮቹ ተወስደዋል፣ 364ቱ ተትቷል። ይህ ምርጫ ራሱ የተሳካ ሂስ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ የሚሠራውን ከማይሠራው የለየ።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት ልበል። ክፍሉ በጸጥታ ለብቻ የሚነበብ አይደለም፤ በቃል እየተባለ የሚጠና ነው። ወር በወር፣ በር በበር የሚመላለሰው ድግግሞሽ ለዓይን ይሰለቻል፤ ለጆሮ ግን ዜማ አለው፣ የቃል ትምህርት ለለመደ ደቀ መዝሙር የተሠራ ይመስላል። የዛሬው አንባቢ ሌላ እርዳታ ይፈልጋል። በአማርኛ የሚያሳትሙት ሰዎች ከምዕራፍ 72 አጠገብ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ፣ ወር፣ በር፣ የቀን እጅ፣ የሌሊት እጅ ቢያስቀምጡለት የሰለቸው አንባቢ ይመለሳል። ከሥሩ ደግሞ የወረታን ወይም የአዲስ አበባን እውነተኛ ቁጥር ቢያክሉ ንጽጽሩን አንባቢው ራሱ ይሠራል። የፎገራ አካባቢ የሳይንስ መምህርም ተማሪዎቹን በወር አንድ ማለዳ ከአንድ ቦታ አቁሞ የፀሐይን መውጫ በደጋው ዳርቻ ላይ ቢያስመዘግብ በዓመቱ መጨረሻ የራሳቸውን በሮች፣ ከነእውነተኛ ስፋታቸው፣ ያገኛሉ።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። የብርሃናት ክፍል እንደ ሰማይ መለኪያ አይቆምም፤ ቁጥሮቹ የተወረሱ፣ የተዋቡ፣ ብዙ ጊዜም ያልተፈተሹ ናቸው። እንደ አስተሳሰብ ግን የተሸከመው መርሕ ከቁጥሮቹ ይበልጣል፦ ለሒሳብ ምቾት ተብሎ የተረፈ ቀን አይጣልም። ለዚህ መርሕ የታመነ አንባቢ የመጽሐፉን አንድ ቀን ከሩብም አይጥልም፤ ያስመዘግባል። ይህን ማድረግ በመጽሐፉ ላይ መነሣት የሚመስለው ሰው ምዕራፍ 75ን ደግሞ ያንብብ፤ መጽሐፉ የሚጠይቀው ሌላ ነገር አይደለም።